አርቴፊሻል አበባን ለአኳሪየም ማዘጋጀት፦ ምን ይገዛ፣ ሽቦው እንዴት ይውጣ፣ ቀለሙ እንዴት ይፈተን

ለሳሎን ጠረጴዛና ለሠርግ አዳራሽ የሚሸጠው አርቴፊሻል አበባ ሲሠራ ውኃ ውስጥ ይኖራል ተብሎ አልታሰበም። ዓመት ሙሉ ተዘፍዝፎ ምን እንደሚለቅ አምራቹ የሚፈትንበት ምክንያት የለውም። ለአኳሪየም ተብሎ ከሚሠራው የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው እንጂ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ፋብሪካው ያልሠራውን ፍተሻ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ከገዛችሁትም ውስጥ የሚጣል አይጠፋም።

ብዙ ሰው የሚፈራው የቅጠሉን ቀለም ነው። ቀለሙ በእርግጥ መፈተን አለበት፤ ግን ቀለም ሲለቅ ቢያንስ ይታያል። ይበልጥ የሚያሠጋው ከዓይን ተሰውሮ ግንዱ ውስጥ የተቀመጠው ሽቦ ነው።

ሱቅ ውስጥ እያላችሁ

የምትፈልጉት ቅጠሉም ግንዱም ፕላስቲክ የሆነ፣ ያልተቀባ፣ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀላቀለ አበባ ነው። ቅጠሉን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ከሥሩ ሌላ ቀለም ከታየ ላዩ ላይ የተቀባ ነው፤ ተዉት። ቀጥሎ ቅጠሉን አጥፋችሁ ልቀቁት። ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ በታጠፈበት ከቀረ ውስጡ ወይም ከጀርባው ቀጭን ሽቦ አለ ማለት ነው። ግንዱም ላይ እንዲሁ አድርጉ። ከሱቅ አበባ አብዛኛው ግንዱ ላይ ሽቦ ስላለው በዚህ ብቻ አትጣሉት፤ የግንድ ሽቦ ሊወጣ ይችላል። ቅጠል ውስጥ የተጣበቀ ሽቦ ግን አይወጣም።

አሽትቱት። አዲስ የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ሲፈታ የሚሸተውን ኃይለኛ ሽታ ከሸተተና ጣት ላይ ያዝ ያዝ ካደረገ፣ ለስላሳ ፒቪሲ ሳይሆን አይቀርም። ፒቪሲ ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም፤ የቤት ውኃ መስመርም ከፒቪሲ ይሠራል። ቧንቧው ግን ደረቁ ዓይነት ነው። ለስላሳው ላይ እንዲለሰልስ የተጨመረው ዘይት መሰል ኬሚካል ከፕላስቲኩ ጋር በጥብቅ ስላልተሳሰረ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይወጣል። ነጭ ሶፍት በውኃ አርጥባችሁ ቅጠሉን ሠላሳ ጊዜ ያህል እሹት፤ ሶፍቱ ከቀለመ አበባው እዚያው ሱቁ ውስጥ ይቅር። በደማቅ ቀይ፣ በሐምራዊና በጥቁር ሰማያዊ አበባ ላይ ይህችን ፍተሻ አትዝለሉ።

ከሩቅ የሚጣሉም አሉ፦ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት፣ በረዶ እንዲመስል በስፕሬይ የተነፋ፣ ሽቶ የተደረገበት፣ እሳት እንዳይዘው በኬሚካል የታከመ፣ ከፎም የተሠራ ፍሬ ያለው፣ ደርቆ ቀለም የተነከረ እውነተኛ ሞስ (እርጥብ ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ምንጣፍ መሰል ተክል) ወይም ሣር የተቀላቀለበት። ግንዱ ላይ አረንጓዴ የወረቀት ቴፕ የተጠቀለለበትም አይሆንም። ያ ወረቀት ሰም የተነከረ ነው፤ ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ከሥሩም ብዙውን ጊዜ ባዶ ሽቦ ነው ያለው።

የጨርቅ አበባስ? በተለምዶ ሐር ይባል እንጂ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተሩ ራሱ ውኃ ውስጥ ጉዳት የለውም። ችግሩ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተቀባው ማጠንከሪያ ነው፤ ውኃ ሲያገኘው ይሟሟል፣ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል፣ ጠርዙም ይተረተራል። አንዳንዶች ጠርዙን በላይተር ለብለብ ያደርጉታል፤ ያኔ ፖሊስተሩ ቀልጦ እንደ ጠጠር የጠነከረ ጉብታ ይሠራል፣ ያ ደግሞ የዓሣ ክንፍ ይቀዳል። ጨርቅ የግድ ካስፈለገ ቅጠሉ ሽቦ የሌለውን፣ ጠርዙ በፋብሪካ በሙቀት የተቆረጠውን ብቻ ውሰዱ፤ ዕድሜውም አጭር እንደሚሆን አስቀድማችሁ እወቁ። ጎልድፊሽና እያነከሰ የሚቀምስ ማንኛውም ዓሣ ባለበት ገንዳ ግን ጨርቅ ጨርሶ አይግባ፤ የተተረተረ ክር ከተዋጠ አንጀት ይዘጋል።

ቤት ስትደርሱ የጥፍር ያህል ቁራጭ ከቅጠሉ ቆርጣችሁ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አስገቡ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን የአየር አረፋ በእርጥብ ጣት እሹና ወደ ታች ገፍታችሁ ልቀቁት። ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ ፒቪሲና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ማሸጊያው ወይም ሥሩ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2፣ 4 ወይም 5 ቁጥር ካለም ተንሳፋፊዎቹ እነሱ ናቸው። የተንሳፈፈውን ምረጡ። ገንዳ ውስጥ ለመትከል ያስቸግራል፤ መፍትሔው ግን ቀላል ስለሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ሽቦውን ማውጣት

ሽቦው ብረት ከሆነ ይዝጋል። ዝገቱ ራሱ በትንሹ ቶሎ አይገድልም፤ ግን ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ የግንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፣ የሽቦው ሹል ጫፍም ወጥቶ ዓሣውን ይጠብቃል። ብዙ ሽቦ እንዳይዝግ በዚንክ ይለበጣል። ዚንክ ደግሞ ለስላሳና አሲድነት ባለው ውኃ ውስጥ እየሟሟ የዓሣን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን ይጎዳል። ከሁሉም የከፋው መዳብ ነው፤ ዓሣ የሚችለው መጠን እንኳ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይፈጃል። ማግኔት ብረቱን ያሳያችኋል፤ መዳብንና አሉሚኒየምን ግን አይስብም። ስለዚህ «ማግኔት አልያዘውም» ማለት ሽቦ የለውም ማለት አይደለም። ግንዱን ቆርጦ ውስጡን ማየት ብቻ ነው የሚያረጋግጠው።

አወጣጡ እንዲህ ነው። የግንዱን ታችኛ ጫፍ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር በፒንሳ ቁረጡት። ሽቦው መሐል ላይ እንደ ነጥብ ይታያል። በስለት ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ 1 ሴንቲሜትር ያህል ላጡና ሽቦውን ለፒንሳ የሚሆን አድርጉ። ከዚያ ግንዱን ከ65 እስከ 70 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ አቆዩት። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ 2 ጣሳ የፈላ ውኃ ከ1 ጣሳ የቧንቧ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ወደዚያ ይጠጋል፤ ቆላ ከሆናችሁ ቀዝቃዛውን ትንሽ ጨመር አድርጉ። ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ግንዱን በፎጣ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ሽቦውን በፒንሳ ነክሳችሁ መጀመሪያ ግማሽ ዙር አዙሩት፣ ቀጥሎ በቀጥታ ሳቡት። ሳያዞሩ መሳብ ሽቦውን መሐል ላይ ይበጥሰዋል።

የወጣውን ሽቦ ከግንዱ ጎን አስተኝታችሁ ለኩ። ከላጣችሁት 1 ሴንቲሜትር በቀር ርዝመታቸው እኩል መሆን አለበት። ሽቦው ካጠረ የቀረው ውስጥ ነው ያለው፤ ቅርንጫፍ ካለውም እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ሽቦ ሊኖረው ይችላል።

ሽቦውን ትቶ ጫፉን በሲሊኮን ወይም በሙጫ መድፈን ብዙ ቦታ ይመከራል። አይሠራም። ግንዱ በውኃው ፍሰት ሲወዛወዝ ድፍኑ ይላቀቃል፣ ውኃ ይገባል፣ ዝገቱም በማይታይበት ይቀጥላል። ደግሞም ሲሊኮን ከፖሊኢቲሊንና ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ጨርሶ አይጣበቅም፤ ሲደርቅ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ሽቦው አልወጣ ካለ ግንዱን ጣሉት፣ ቅጠሉን አስቀሩት። የሱቅ አበባ ቅጠሎች አብዛኛውን ጊዜ ግንዱ ላይ ተሰክተው የተደረደሩ ስለሆኑ በእጅ ሲሳቡ ይወጣሉ፤ መሐላቸውም ቀዳዳ አላቸው። 0.4 ወይም 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ውሰዱ። የአየር ፓምፕ ቱቦ በ1 ሴንቲሜትር እየቆረጡ አንድ ቅጠል፣ አንድ ቁራጭ ቱቦ፣ አንድ ቅጠል እያደረጉ ሰኩ። ላይኛው ጫፍ ላይ ክሩን ቱቦው ውስጥ መልሳችሁ ቋጥሩት፤ የተቆረጠ ናይለን ጫፍ እንደ መርፌ ስለሚወጋ ቱቦው ውስጥ መደበቅ አለበት። ታችኛውን ጫፍ ከክብደት ጋር እሰሩ። የሚንሳፈፈው ቅጠል ክሩን ራሱ ወደ ላይ ስለሚወጥረው ያለ ግንድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከመጀመሪያው ግንድ ይልቅም እንደ እውነተኛ የውኃ ተክል ይወዛወዛል።

ስለቱ

አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ ተክሉን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይም ወደ ታች ዳብሱት። ስቶኪንጉን የቀደደ ወይም ክር የመዘዘ ነገር ሁሉ ቤታ የሚባለውን ዓሣ ረጅም ክንፍ ይቀዳል። ዓይኑ ወደ ውጭ የወጣ ጎልድፊሽ ካላችሁ ደግሞ ጉዳቱ ክንፍ ላይ አይቆምም። በብዛት የሚቀደው በሁለት ቦታ ነው፦ ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ የቀረ ቀጭን ትርፍ፣ እና ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት አንጓ። ትርፉን በጥፍር መቁረጫ አንሱት፤ አንጓውን በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነካችሁ ሞርዱት። ቅጠሉ ራሱ ደረቅና ሹል ከሆነ ግን በመሞረድ አይድንም።

እጥበት

ኦሞም ላርጎም አይንካው። ሳሙና ቅጠሉ መጋጠሚያ ውስጥ ይቀራል፤ በጣም ትንሹም ስንጥቡን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ፈሳሽ ያጥበዋል። ተፈጥሮአዊ ነው ተብሎ በእንዶድ ማጠብም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዶዱ ውስጥ ያለው ሳፖኒን እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፣ ዓሣንም አይምርም።

ለአዲስ ፕላስቲክ ሞቅ ያለ ውኃና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ከላይ ባለው ልክ ያሞቃችሁትን ውኃ አፍሱበት፣ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ ውኃውን ነጭ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ እዩት፣ ሦስት ጊዜ ድገሙት። እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት አያስፈልግም፤ ቅጠሉ ይጣመማል፣ የድስቱን የጋለ ግድግዳ ከነካ ደግሞ ይቀልጣል።

በረኪና የሚያስፈልገው ተክሉ ከሌላ ሰው አኳሪየም የመጣ ወይም በሽታ ከገባበት ገንዳ የወጣ ከሆነ ብቻ ነው። ሽቶ የሌለው፣ 5 በመቶ ገደማ የሆነ በረኪና 50 ሚሊሊትር በ950 ሚሊሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩት። ጨርቅ አይነከርም፤ ቀለሙ ይሄዳል። ከዚያ በደንብ አለቅልቁት፣ የክሎሪን ማጥፊያ በዛ ተደርጎ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዩት፣ አየር ላይ አድርቁትና አሽትቱት። የበረኪና ሽታ ካለ አልጨረሳችሁም። በረኪናና አቼቶ በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ለእናንተም ሳንባ ነው የሚያሠጋው።

የጠርሙስ ፈተና

ሦስት ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ በፈላ ውኃ ብቻ አጥባችሁ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ውኃ ብቻ ይኑረው፤ ማነጻጸሪያችሁ እሱ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ውኃና ተክሉን ጨምሩ። ሦስተኛው ውስጥ ውኃ፣ ተክሉን፣ በሊትር ሂሳብ 1 የሻይ ማንኪያ ነጭ አቼቶ አድርጉ። አቼቶው ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው፣ ገንዳ ውስጥ ወራት የሚፈጀውን ነገር ቶሎ ያወጣዋል። ተክሉን አጨናንቁት፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ተክል ከውኃው አንጻር ገንዳ ውስጥ ከሚኖረው መብዛት አለበት። ከገዛችሁት ከእያንዳንዱ ዓይነትና ከእያንዳንዱ ቀለም ቁራጭ ይግባ። ቀዩ አለፈ ማለት ሐምራዊው አለፈ ማለት አይደለም።

ክዳኑን ዘግታችሁ ለ14 ቀን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። አዲስ አበባ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የፍሪጅ አናት ደህና ቦታ ነው። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ከጠርሙሶቹ ጀርባ ነጭ ወረቀት አቁማችሁ እዩ። ቀለሙን ከማነጻጸሪያው ጋር አስተያዩ። ከላይ በብርሃን ጎንበስ ብላችሁ ውኃው ላይ የዘይት ብልጭታ መኖሩን ተመልከቱ። ክዳኑን ስትከፍቱ ወዲያው አሽትቱ። ከዚያ ሦስቱንም ለ10 ሰከንድ አራግፉ፦ የማነጻጸሪያው አረፋ በጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፤ ተክል ያለበት አረፋ ከቆየ ሳሙና ወይም ማጠንከሪያ እየወጣ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የታየ ቀለም የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ላዩ ላይ የቀረ ትርፍ ቀለም ሊሆን ይችላል። ውኃውን ቀይሩና ከቀን 1 ጀምሩ። ሦስት ጊዜ ተቀይሮ በአራተኛውም ከቀለመ ይጣል። ዘይትና ሽታ ላይ ግን ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። አቼቶ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ቡናማ ዝገት ከታየ ያልወጣ ሽቦ አለ፤ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነገር ከታየ ደግሞ መዳብ ነው ብላችሁ ያዙት። ሽሪምፕ የምታረቡ ከሆነ የመዳብ መለኪያ ጠብታ ገዝታችሁ የአቼቶውን ውኃ ብትለኩ ገንዘባችሁን አይጎዳም። አቼቶ በሌለው ጠርሙስ ንጹሕ፣ አቼቶ ባለው ግን ትንሽ የለቀቀ ተክል አከራካሪ ነው፤ እኛ እንጥለዋለን።

ቲዲኤስ የሚባለውን ርካሽ መለኪያ የሚጠቀሙ አሉ። መለኪያው የሚያነበው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጨውን ነው። የፒቪሲን ማለስለሻ አያይም፣ ብዙውን ቀለምም እንዲሁ። ቁጥሩ ከጨመረ መጥፎ ምልክት ነው፤ አለመጨመሩ ግን ምንም አያረጋግጥም።

መትከል

የሚንሳፈፈውን ተክል ለመያዝ ሰፊ የፕላስቲክ ክዳን፣ ለምሳሌ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ክዳን ውሰዱ። መሐሉን በስታችሁ ግንዱን አሳልፉ፣ ከታች በኩል በግንዱ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቃችሁ ትርፉን ከሥሩ ቁረጡ። ክዳኑ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጠጠር ሥር ሲቀበር የጠጠሩ ክብደት ይይዘዋል። ሁለተኛው መንገድ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ የወለል ሴራሚክ ቁራጭ ነው፤ ጠርዙን ሞርዳችሁ በናይለን ክር እሰሩት። እርሳስ የሚባለው ብረት፣ ሚስማር፣ ጀሶና ሲሚንቶ አይግቡ፤ ሲሚንቶ የውኃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩን) ከፍ ያደርጋል። ድንጋይ ከተጠቀማችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ፍስስ ካለ ኖራ አለበት።

60 በ30 በ35 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 63 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከ10 እስከ 12 ግንድ ይበቃዋል። ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ ጫፋቸው ከውኃው ገጽ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ፤ አጫጭሮቹ ከፊት፤ የፊተኛው ሲሶ ለዋና ክፍት። ከማሞቂያው 5 ሴንቲሜትር አርቁ። ማሞቂያውን የተደገፈ ቅጠል ይቀልጣል፣ ሙቀት መለኪያውንም ያሳስተዋል። የፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) ውኃ መሳቢያ ፊት ላይ ልቅ ቅጠል አይኑር። ዓሣ የሚሾልክበት ቀዳዳ ወይ ከጭንቅላቱ ያነሰ ወይ ከሰውነቱ እጥፍ የሰፋ ይሁን፤ የሚቀረቀረው በመካከለኛው ነው። ተክሉ ከመስታወቱ ጋር በሚሠራው ክፍተት ላይም ያው ሕግ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታስገቡ። ሦስት ግንድ አስገብታችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ ችግር ቢመጣ የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ከየትኛው እንደመጣም ታውቃላችሁ። ሽሪምፕ ካላችሁ ለእነሱ ገንዳ የመጨረሻው ተራ ይሁን።

ከገባ በኋላ

አርቴፊሻል ተክል ቀን ኦክስጅን አይሠራም፣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡትን አሞኒያና ናይትሬትም አይወስድም። ይህ ደጋ ላይ ይበልጥ ይታሰብበት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች በ25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 6 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ከ8 ሚሊግራም በላይ ይይዝ ነበር። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ፣ የዓሣው ቁጥር አይብዛ፣ በየሳምንቱም ከ25 እስከ 30 በመቶ ውኃ ይቀየር። በሌላ በኩል እውነተኛ ተክል ሌሊት ኦክስጅን ይጠቀማል፣ ይሄኛው አይጠቀምም፤ መብራት ሄዶ ፓምፑ በቆመበት ሌሊት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ቅጠሉ ላይ የሚታየው ቀጭን ሽፋን የአሞኒያን መርዝ የሚያበርዱ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ስለሆነ እንደ ቆሻሻ አትፈግፍጉት። የምታነሱት አልጌውን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከተክሉ ሲሶውን ብቻ አውጥታችሁ ከገንዳው በቀዳችሁት አሮጌ ውኃ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ እጠቡት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ማጠብም አሞኒያውን ያስነሳል። አልጌው በሳምንት ውስጥ መልሶ ከሸፈነው ጥፋቱ የተክሉ አይደለም፤ መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት ቀንሱ፣ የምግቡንም መጠን ቀንሱ።

በየ3 ወሩ እያንዳንዱን ግንድ አውጥታችሁ እጠፉት። የተሰነጠቀ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣ፣ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ወይም ክር የመዘዘ ይቀየር። ስቶኪንጉንም እንደገና አሳልፉበት፤ ፕላስቲክ በመብራትና በጊዜ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ለስላሳ የነበረው ጠርዝ ይሳላል።

መመረዝ ሲጠረጠር

ዓሣው ውኃ ገጽ ላይ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ክንፉን ይሰበስባል፣ ድንገት እየተወረወረ ሰውነቱን ጠጠር ላይ ያሻል፤ ሽሪምፕ በአንድነት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀንድ አውጣ ከውኃው ወጥቶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ተክል በገባ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ለመመርመር አትቆዩ። መጀመሪያ ተክሉን በሙሉ አውጡ። ክሎሪኑ በጠፋለትና ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ ግማሹን ቀይሩ። ፊልተሩ ውስጥ ለአኳሪየም የሚሸጠውን አክቲቬትድ ካርቦን ጨምሩ፤ የምድጃ ከሰል እሱን አይተካም፣ ውኃውን በአመድ ከማበላሸት በቀር። አየሩን ከፍ አድርጉ፣ ለአንድ ቀን አታብሉ፣ በማግስቱ 30 በመቶ ድጋሚ ቀይሩ። አሞኒያም ለኩ፤ ተክሉ የገባበት ቀን ፊልተሩ ከታጠበበት ቀን ጋር ሲገጥም ጥፋተኛው አሞኒያው ሊሆን ይችላል።

ፈተናውን የወደቀው አበባ የግድ ቆሻሻ ውስጥ አይገባም። ከኋለኛው መስታወት ውጭ በኩል በቴፕ ለጥፉት። ከፊት ለሚያይ ውኃው ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ሽቦውም ብልጭልጩም እዚያ ማንንም አይነካም።